ከወንጀል ነፃ ማረጋገጫ ለውጭ አገር መኖሪያ ፈቃድ፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ መርካቶ አጠገብ ኮፒ፣ ፕሪንትና ፎርም መሙላት የምሠራባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሰው ፎርም ሊያስሞላ ይመጣና ከፎርሙ ይልቅ ጥያቄው ይበዛል። ከሁሉ የሚበዛው ደግሞ ስለ ከወንጀል ነፃ ወረቀት ስለሆነ፣ በቃል ስመልሰው የኖርኩትን እዚህ ጻፍኩት። አብዛኛው ሰው የሚፈራው ፖሊስ ጋ መሄዱን ነው። እኔ እስካየሁት ድረስ ግን ፖሊስ ጋ ያለው ሥራ ከሁሉም የቀለለው ነው፤ ወረቀት የሚያበላሹት ስምና ቀን ናቸው።

ይህ ወረቀት በትክክል ምንድን ነው?

አንዱ «አሻራ»፣ ሌላው «ክሊራንስ»፣ ሌላው «ከወንጀል ነፃ» ይለዋል፤ ሁሉም አንድ ነው። የአሥሩ ጣቶችዎ አሻራ ይወሰድና ፖሊስ ዘንድ ካለው መዝገብ ጋር ይመሳከራል። በእርስዎ አሻራ የተመዘገበ ወንጀል ካልተገኘ ይኸው ተጽፎ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ይሰጥዎታል። የጸባይ ምስክርነት አይደለም። ቀበሌ የሚጽፈው «ነዋሪያችን ናቸው፣ ጸባያቸው መልካም ነው» የሚለው ደብዳቤ ደስ ቢልም ኤምባሲ ፊት ይህን አይተካም።

በስም መፈለግ አይበቃም? አሻራ ለምን?

ፈረንጅ አራዳ መሃል ቆመው «ጀማል!» ብለው ይጣሩ፤ ስንት ሰው ዘወር እንደሚል ያዩታል። የአያት ስም ቢጨመርበት እንኳ የሚመሳሰል አይጠፋም። አሻራ ግን የአንዱ ከሌላው አይገጥምም፤ ስምዎን የሚጋራ ሰው የሠራው ጥፋት በእርስዎ ላይ እንዳይጻፍ የሚጠብቅዎ እሱ ነው።

የጅማ ፖሊስ የሚሰጠው ይበቃኛል ወይስ አዲስ አበባ ልሂድ?

ወረቀቱን የጠየቀው ማን ነው? እዚሁ ከተማ ያለ ቀጣሪ ከሆነ የአካባቢው ፖሊስ የሚሰጠው ሊበቃው ይችላል። የውጭ አገር መኖሪያ ፈቃድ ከሆነ ግን የሚፈለገው አገር አቀፍ መዝገብ ታይቶ የተሰጠ ነው፤ ያ ማለት የፌዴራል ፖሊስ ወረቀት ነው። የከተማ ወይም የክልል ማስረጃ የሚናገረው ስለዚያ አካባቢ ብቻ ስለሆነ፣ ይዘውት ቢሄዱ «የፌዴራሉን አምጡ» ተብለው ይመለሳሉ። ሁለት ጊዜ ከመክፈል አንድ ጊዜ መጠየቅ ይሻላል።

አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። በሰኮሩ ወርደው፣ ጊቤን ተሻግረው፣ በወልቂጤና በወሊሶ አልፈው ሲደርሱ ቀኑ አልቋል፤ በዚያው ቀን ቢሮ እገባለሁ ብለው አያስቡ። ዓርብም አይሂዱ። ዓርብ የመንግሥት ቢሮ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ለምሳና ለጁምዓ ይዘጋል፤ ጠዋት ወረፋ ይዘው ሳይደርስዎ ከቀረ ከሰዓት ያለው ጊዜ አጭር ነው፣ ከዚያ ሰኞን በሆቴል መጠበቅ ይመጣል። ከዚህ ሥራ ሁሉ ትልቁ ወጪ አልጋና ምግብ እንጂ የፖሊስ ክፍያው አይደለም።

ምን ይዤ ልሂድ?

ፓስፖርት ዋናውንና ኮፒውን፣ የታደሰ መታወቂያ (ፋይዳ ካለዎት እሱንም)፣ በቅርብ የተነሱት የፓስፖርት መጠን ጉርድ ፎቶ፣ ወረቀቱን የጠየቀውን አካል ደብዳቤ ወይም ኢሜይል በፕሪንት። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይተወዋል። ባይጠየቁበትም ለየትኛው አገር እንደሆነና በእንግሊዝኛ እንደሚፈለግ ለማሳየት ይረዳል።

መታወቂያዬ ላይ በቁቤ፣ ፓስፖርቴ ላይ በሌላ ዓይነት ተጽፏል። ችግር አለው?

ጅማ ላይ ይህን የማልሰማበት ሳምንት የለም። የቀበሌ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የልደት ምስክር ወረቀት በቁቤ፣ ማለትም በአፋን ኦሮሞ የላቲን አጻጻፍ ይወጣል፤ ፓስፖርት ደግሞ ለእንግሊዝኛ አንባቢ በሚመች አጻጻፍ። በቁቤ «ሲ» ብቻዋን ስትቆም «ጭ» ናት፤ «ች» ለማለት «ኤች» ትጨመርባታለች። ስለዚህ ጫልቱ የትምህርት ማስረጃዋ ላይ በ«ሲ» ትጀምርና ሁለት «ኤ» ትከተላለች፤ ፓስፖርቷ ላይ «ሲ-ኤች» ሆና አንድ «ኤ» ይበቃታል። ካናዳ ያለው ሠራተኛ የመጀመሪያውን «ካልቱ» ብሎ ያነበዋል፤ ሁለተኛውን «ቻልቱ» ይለዋል። ለእሱ ሁለት ሴቶች ናቸው። ጥላሁን ደግሞ በቁቤ በ«ኤክስ» ይጀምራል፤ ፓስፖርቱ ላይ በ«ቲ»። ይህንን ፊደሉን ለማያውቅ ሰው በቃል ለማስረዳት መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

መፍትሔው ይህ ነው። ከፓስፖርቱ አጻጻፍ ፈቀቅ አይበሉ። ከወንጀል ነፃ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል በፊደል መግጠም አለበት፤ ሁለት «ኤም» ካለው ሁለት «ኤም»። የውጭው ፎርም «የተጠቀሙባቸው ሌሎች ስሞች» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ላይ የቁቤውን አጻጻፍ ያስገቡ። መሐመድን በሦስት መንገድ የጻፈ ሰው ሦስቱንም ይጻፍ። ልዩነቱ ከፊደል አልፎ ስሙ ራሱ ሌላ ከሆነ ግን ጉዳዩ የፍርድ ቤት ስለሆነ ኮፒ ቤት አያስተካክለውም።

አንድ ሽማግሌ «ሌሎች ስሞች» በሚለው ላይ የፈረስ ስማቸውን እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። የጅማው ንጉሥም እኮ የሚታወቁት በፈረስ ስማቸው ነው፣ አባ ጅፋር ተብለው። ቢሆንም በወረቀት ላይ ተጽፎ የማያውቅ ስም አያስፈልግም አልኳቸው፤ ቅር ብሏቸው ሄዱ። የክርስትና ስምም እንዲሁ ነው፤ ሰነድ ላይ ካልወጣ ይተዉት።

«የቤተሰብ ስም» ለሚለው ምን ልጻፍ?

ፓስፖርትዎ በዚያ ረድፍ ያስቀመጠውን። አንዱ ፎርም ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ካደረጉ ራስዎን ለሁለት ከፈሉ ማለት ነው። ባለትዳር ሴት ፓስፖርቷ ላይ ካልተለወጠ በቀር የባሏን ስም አትጽፍም።

የልደት ቀኔ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ሰባት ልደምር ወይስ ስምንት?

የራሴን ጥፋት ልንገርዎ። ሱቁን በከፈትኩ ሰሞን ጥር 5 ቀን 1990 የተወለደ ልጅ ፎርም ስሞላ ሰባት ደምሬ 1997 ብዬ ጻፍኩ። ፓስፖርቱ ላይ የነበረው 1998 ነው። ልጁም አላየው፣ እኔም አላየሁት፤ ያየው ውጭ አገር ያለው ሠራተኛ ነበር። ማብራሪያ ተጠየቀ፣ ማብራሪያው እስኪታይ ወራት አለፉ። የተቀበልኩትን ገንዘብ መለስኩለት፤ ወራቱን ግን ከየት አመጣለታለሁ?

ደንቡ ቀላል ነው፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደ ሰባት ይደምራል፤ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ስምንት። ጳጉሜ ስድስት ከሆነችበት ዓመት በኋላ በሚመጣው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይሳባል፤ ታኅሣሥ 22 የተወለደም ስምንት ይደምራል። ከዚህ ሁሉ ስሌት የሚበልጠው ግን ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ቀን መገልበጥ ነው። ፓስፖርቱ ራሱ ተሳስቶ ከሆነ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት እዚያው ያርሙት፤ አሻራ ከሰጡ በኋላ ማረም ማለት ሁሉንም እንደገና መጀመር ነው። ደግሞ አሜሪካ ወርን ከቀን ያስቀድማል፤ 05/03 ሜይ 3 ይሁን ማርች 5 ማወቅ ስለማይቻል ወሩን በፊደል ይጻፉት።

ቡና ለቅሜ፣ ድንጋይ ጠርቤ ጣቴ ተልጧል። አሻራዬ አልወጣም ቢሉኝስ?

ይህ እውነተኛ ችግር ነው። በለቀማ ወቅት ጣት ይጠቁራል፣ ይሰነጠቃል፤ በርጩማ የሚጠርቡ አናጢዎቻችን፣ ከሲሚንቶ ጋር የሚውሉ ግንበኞች መስመሩ ተፍቆ ያለቀ ጣት አላቸው። መስመሩ ግን ከቆዳው ውስጠኛ ክፍል ስለሚበቅል፣ ጥልቅ ጠባሳ ካልሆነ በቀር ተመልሶ ይወጣል። አሻራ ከመስጠትዎ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብለው ጣትዎን ያሳርፉ፤ ማታ ማታ ቅባት ወይም ቫዝሊን ይቀቡት። በዕለቱ ግን አይቀቡ፤ ቅባት ያለበት ጣት ያንሸራትታል። ሂናም ቢሆን ከጣት ጫፍ እስኪለቅ ይታገሱ። የተቆረጠ ወይም የተጎዳ ጣት ካለዎት አስቀድመው ለሠራተኛው ይናገሩ፤ ያ ተመዝግቦ ያልፋል።

አንድ ጊዜ ታስሬ ክስ ሳይመሠረትብኝ ተለቅቄያለሁ። ወረቀቱ ንፁህ ከመጣ «ታስሬ አላውቅም» ብል ምን አለበት?

ብዙ አለበት። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ወረቀቱ የሚናገረው ፖሊስ መዝገብ ውስጥ ስላለው ነገር ነው። ፎርሙ የሚጠይቀው ደግሞ እርስዎን ነው። ለምሳሌ የአሜሪካ ኢሚግራንት ቪዛ ፎርም ታስረው ወይም ተፈርዶብዎት ያውቁ እንደሆነ ሲጠይቅ ይቅርታ ወይም ምሕረት የተደረገለትንም ይጨምራል። «ንፁህ ወረቀት አለኝ» ብለው «የለም» ቢሉና ነገሩ በቃለ መጠይቅ ቢወጣ፣ የሚያስከስስዎ እስሩ ሳይሆን መደበቁ ነው። አሜሪካ ለቪዛ ብሎ የዋሸን ሰው ለዕድሜ ልክ ልትከለክል ትችላለች፤ ካናዳ ለ5 ዓመት ትዘጋለች።

በ2009 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ተይዘው ሳይከሰሱ የተለቀቁ ብዙ ወጣቶች ወደ እኔ መጥተዋል። የምነግራቸው አንድ ነው፦ «አዎ» በሉ፤ መቼ፣ የት፣ ለምን ያህል ቀን፣ በምን ምክንያት ተይዛችሁ እንዴት እንደተለቀቃችሁ በአምስት መስመር ጻፉ። መፍቻ ወረቀት ካላችሁ አያይዙ። ክስ ያልነበረበት እስር በአምስት መስመር ሲገለጽ ትንሽ ነገር ነው፤ ተደብቆ ሲገኝ ተራራ ያህላል።

ተፈርዶብኝ ቅጣቴን ጨርሻለሁ። ከዚህ በኋላ አለቀልኝ?

የግድ አይደለም። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ቅጣቱን የፈጸመ ሰው ፍርዱ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል፤ ሕጉ ይህን «መሰየም» ይለዋል። ለጽኑ እስራት ቢያንስ 5 ዓመት፣ ለቀላሉ 2 ዓመት መጠበቅን ይጠይቃል፤ በዚያ ጊዜ መልካም ጠባይ ማሳየትም አለበት። ይህ የጠበቃ ሥራ ነው። የሚሄዱበት አገር ግን የተሰረዘውንም ሊጠይቅ ስለሚችል ከላይ ያልኩት እዚህም ይሠራል።

የትራፊክ ቅጣትን የሚጠይቁኝም አሉ። ቀበቶ ባለማሰር የተከፈለ ቅጣት ወንጀል አይደለም፤ ሰው የተጎዳበት አደጋ ግን የወንጀል ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ፍቺ፣ የውርስ ክርክር፣ የቡና መሬት ድንበር ሙግት እዚህ ወረቀት ውስጥ አይገቡም።

ሪያድ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የኢትዮጵያው ብቻ ይበቃኛል?

አይበቃም፤ የሪያዱን መዝገብ ደግሞ የኢትዮጵያ ፖሊስ ሊሰጥዎ አይችልም። እያንዳንዱ አገር የራሱን ይጽፋል። ካናዳ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ በተከታታይ 6 ወር ወይም ከዚያ በላይ ከኖሩበት አገር ሁሉ ትጠይቃለች፤ አውስትራሊያ በድምሩ 12 ወር ከሞላ፤ አሜሪካ ከዜግነትዎ አገርና አሁን ካሉበት 6 ወር በላይ ከሆነ፣ ከሌላ ቀድሞ ከኖሩበት 12 ወር ከሞላ። ስለዚህ ከዱባይ፣ ከኩዌት፣ ከቤይሩት የተመለሰ የጅማ ሰው ሁሉ ይህ ይመለከተዋል። ገና እዚያው ላሉት የምመክረው ሳይመለሱ በፊት እዚያው እንዲያወጡ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ በእጅ እያለ በቀናት የሚያልቀው፣ ጅማ ከገቡ በኋላ ወራት ይፈጃል።

አሜሪካ የኖረ ሰው ከኤፍቢአይ ይጠይቃል፤ አሻራው በካርድ ተነስቶ በፖስታ ይላካል፣ ክፍያው 18 ዶላር ነው። ሱዳን የኖሩት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ተቸግረዋል። ማግኘት ካልተቻለ ዝም ብለው ባዶ አይተዉት፤ ለማን እንደጻፉ፣ መቼ እንደጠየቁ፣ ምን እንደተባሉ የሚያሳይ ማስረጃና የማብራሪያ ደብዳቤ ያስገቡ።

አሁን ደግሞ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቀኝ ነገር። ወደ ዓረብ አገር ሲሄዱ ዕድሜ ተጨምሮ ወይም ስም ተለውጦ በወጣ ፓስፖርት የሄዱ እህቶች አሉ። ያኔ ልጅ ነበሩ፣ የሠራውም ደላላው ነው። ሆኖም አሻራ ስም አይለውጥም፤ ያ ፓስፖርትና ይህ ፓስፖርት የአንድ ሰው መሆናቸው አንድ ቀን ይወጣል። የድሮውን ስም «ሌሎች ስሞች» ላይ ያስገቡ፤ እንዴት እንደሆነ ለማብራራት ግን ከኮፒ ቤት በፊት የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ።

መቼ ላውጣው? ለስንት ጊዜ ያገለግላል?

ቀድሞ ማውጣት ብልህነት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ኪሳራ ነው። ካናዳ አሁን ከሚኖሩበት አገር የሚቀርበው ወረቀት፣ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 6 ወራት ውስጥ የወጣ እንዲሆን ትፈልጋለች። አውስትራሊያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ 12 ወር ትቆጥርለታለች። ለአሜሪካ ኢሚግራንት ቪዛ 2 ዓመት ነው። ወረቀቱ ላይ የራሱ የአገልግሎት ጊዜ ከተጻፈ ደግሞ አጭሩን ይያዙ። ሌሎቹን ሰነዶች ጨርሰው ማመልከቻው ሊገባ ሲል ወይም እንዲያቀርቡ ሲጠየቁ ያውጡት።

ለልጆቼም ላውጣ?

አሜሪካና አውስትራሊያ ከ16 ዓመት፣ ካናዳ ከ18 ዓመት ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች አያስፈልግም።

ወንድሜ ውጭ ነው። እኔ ላወጣለት እችላለሁ?

ወረቀቱን መቀበል ይችላሉ፤ አሻራውን ግን አይችሉም። አሻራ በውክልና አይሰጥም። ወንድምዎ ባለበት አገር አሻራውን አስነስቶ፣ በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል አረጋግጦ፣ ከውክልና ጋር ይልካል። ውክልናው ላይ «ከፌዴራል ፖሊስ ከወንጀል ነፃ ማረጋገጫ እንዲያወጣና እንዲቀበል» የሚል በግልጽ ይጻፍበት። «ጉዳዬን ሁሉ እንዲፈጽም» የሚለው ለቤት ሽያጭም፣ ለሁሉም የሚሞከር ሐረግ ነው፤ መስኮት ላይ ሲደርስ ግን «ዝርዝር የለውም» ይባላል።

ውጭ ጉዳይ ማኅተም ያስፈልገዋል? አፖስቲል የሚሉትስ?

ጠያቂው አገር «የተረጋገጠ» ካለ አዎ። የለመድነው መንገድ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወስዶ ማረጋገጥ፣ ከዚያ የአገሩ ኤምባሲ ጋ ማስኬድ ነው። አፖስቲል በ1961 እ.ኤ.አ. በሄግ ስምምነት የመጣ አንድ ማኅተም ሲሆን የሚሠራው ሁለቱም አገሮች ስምምነቱ ውስጥ ሲሆኑ ብቻ ነው። ካናዳና አሜሪካ ግን ወረቀቱን በቀጥታ ስካን አድርገው እንዲያስገቡ የሚጠይቁበት ጊዜ ይበዛል፤ ያልተጠየቀ ማኅተም ለማስመታት ሁለት ቀን አዲስ አበባ አይቆዩ።

አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ «ሳትሄድ አወጣልሃለሁ» አለኝ።

አሻራዎን ሳይሰጡ የሚወጣ የአሻራ ወረቀት ምን ሊሆን እንደሚችል እርስዎ ይንገሩኝ። ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ በአገራችን ወንጀል ነው፤ ከወንጀል ነፃ ለመሆን ብለው ወንጀል ይሠራሉ። ወረፋ ይዞ የሚጠብቅልዎት፣ ፎርም የሚሞላልዎት ሰው ቢከፈለው ቅር አይለኝም (እኔም በዚሁ ነው የምኖረው)፤ ከዚህ ያለፈውን አይስሙ።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የምማር የሶማሊያ ዜጋ ነኝ። እኔም የኢትዮጵያውን እጠየቃለሁ?

እዚህ የኖሩበት ጊዜ ከላይ የጠቀስኩትን ወራት ከሞላ፣ አዎ። ዜግነት ሳይሆን የኖሩበት ቦታ ነው የሚቆጠረው። ፓስፖርትዎን፣ የመኖሪያ ፈቃድዎን ወይም ቪዛዎን፣ ከዩኒቨርሲቲው የተማሪነት ደብዳቤ ይያዙ። ፈቃድዎ ሊያልቅ ከሆነ መጀመሪያ ያሳድሱ።

ወረቀቱን ተቀበልኩ። ከመስኮቱ ከመነሳቴ በፊት ምን ልይ?

ፓስፖርትዎን ከጎኑ ዘርግተው በጣትዎ እየተከተሉ ያንብቡ፦ ስም በፊደል በፊደል፣ የልደት ቀን፣ ጾታ፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ ፎቶ፣ ፊርማ፣ ማኅተም። ከኋላ ያለው ሰው ቢያጉረመርምም ይጨርሱ። እዚያው ሲታረም ደቂቃ ነው፤ ጅማ ከደረሱ በኋላ 350 ኪሎ ሜትር።

ላሚኔት ላድርገው?

ማሽኑ አለኝ፣ ዋጋውም ለእኔ ጥሩ ነው፤ ግን አላደርግልዎትም። ውጭ ጉዳይ ማኅተም የሚመታው ወረቀት ላይ እንጂ ፕላስቲክ ላይ አይደለም። ክላሰር ውስጥ ያስገቡት፤ እሱንም እሸጣለሁ።